የመኪና መሪ ሲዞር ስለሚሰማው የግጭት ድምፅ፥ ምክንያቱና አመረማመሩ

መግቢያ

የሰው እጅ የሠራው መሣሪያ ሁሉ ደኅና ሆኖ በሚሠራበት ጊዜ የታወቀ ድምፅ አለው። ሥራውን የለመደ ሰውም የመሣሪያውን ደኅንነት በዓይኑ ከማየቱ አስቀድሞ በጆሮው ይለየዋል። ገበሬ ሲያርስ ወገሉ የላላ እንደ ሆነ ማረሻው በትልሙ መዞሪያ ላይ ይንኳኳል፤ ብልህ ገበሬም ድምፁን በሰማ ጊዜ በሬዎቹን አቁሞ ወገሉን ያጠብቃል። ሰነፉ ግን «ይህን ትልም ልጨርስ» እያለ ሲያልፈው ድግሩ ይወልቃል፥ የቀኑም ሥራ ይቀራል።

መኪናም እንደዚሁ ናት። ዛሬ በኢትዮጵያ ገጠር እህሉን ወደ ገበያ፥ ማዳበሪያውን ወደ እርሻ፥ በምጥ የተያዘችዪቱንም ሴት ወደ ጤና ጣቢያ ብዙ ጊዜ የምታደርሰው ከኋላዋ ክፍት የጭነት ሳጥን ያላት፥ ፒክአፕ የምትባለው መኪና ናት። ከእነዚህም መካከል በጣም የታወቀችው ሃይሉክስ ናት፤ እርስዋንም የጃፓኑ የቶዮታ ኩባንያ መጀመሪያ ያወጣት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ዓመተ ምሕረት ነው።

እንዲህ ያለችው መኪና መሪዋ በዞረ ቁጥር «ገጭ» የሚል ድምፅ ማሰማት የጀመረች እንደ ሆነ፥ ነገሩ እንደ ተራ ንኳኳታ የሚታለፍ አይደለም። ሞተር ቢበላሽ መኪናዪቱ ትቆማለች፤ መሪ ቢበላሽ ግን መኪናዪቱ አትቆምም፥ ነጂው ወደማይወደው ስፍራ ትሄዳለች እንጂ። በአባይ በረሃ፥ በሊማሊሞ ወይም በጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ከማንም አይሰወርም። ስለዚህ የዚህ ትምህርት ዓላማ አንድ ነው፤ ይኸውም ድምፁ የሚወለድበትን ስፍራ በግምት ሳይሆን በሥርዓት ፈልጎ ማግኘትን ማስተማር ነው።

ክፍል 1፤ ስለ መሪ አሠራር

ነጂው በእጁ የሚይዘው ክብ መሪ ከአንድ ረጅም ዘንግ ጋር የተያያዘ ነው። ዘንጉ ከነጂው ፊት ወደ ታች ወርዶ በሞተሩ ክፍል ያልፋል፤ በመንገዱም ላይ መታጠፍ ስላለበት መካኒኮች ክሮቼራ የሚሉት መስቀል የመሰለ መገጣጠሚያ ተደርጎለታል። ከዚያም ጫፉ ጥርሶች ወዳሉበት ወደ መሪው ሳጥን ይገባል። ሳጥኑ የመዞርን ሥራ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የመግፋት ሥራ አድርጎ ይለውጠዋል። ከሳጥኑ የሚነሡት ዘንጎች የፊት ጎማዎችን ከሚሸከሙት ብረቶች ጋር ተያይዘዋልና፥ አንዱን ጎማ ሲገፉ ሁለተኛውን ይስባሉ።

ጎማው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከመዞሩም በላይ፥ መንገዱ ጐድጓዳ ስለ ሆነ ወደ ላይ መውጣትና ወደ ታች መውረድ አለበት። ስለዚህ የጎማው ተሸካሚ ብረት ከላይና ከታች በሁለት ክንዶች ይያዛል። ክንዶቹ ሻንሲ ከሚባለው ከመኪናዪቱ ዋና አጥንት ጋር በሚገናኙበት ቦታ፥ ቦኮላ የሚባል ውስጡ ላስቲክ የሆነ ቀለበት አለ። ከጎማው ተሸካሚ ጋር በሚገናኙበት ቦታ ደግሞ የኳስ መገጣጠሚያ አለ፤ ይህንንም መካኒኮች ቦል ጆይንት ይሉታል።

የኳስ መገጣጠሚያ ማለት እንደ ኳስ የተድቦለቦለ የብረት ራስ፥ ጽዋ በመሰለ ብረት ውስጥ ገብቶ በግራሶ እየራሰ ወደ ሁሉም ወገን የሚዞርበት ነው። የሰው የጭኑ አጥንት ከዳሌው ጋር የተጋጠመበት አኳኋን ይህንኑ ይመስላል። አቧራና ውኃ እንዳይገባበትም ከላዩ የላስቲክ ከረጢት ይለብሳል። የመሪው ዘንጎች ጫፎችም እንደዚሁ በኳስ መገጣጠሚያ የታሠሩ ናቸው።

በአሮጌዎቹና በከባዶቹ ፒክአፖች ላይ ግን ሁለቱ የፊት ጎማዎች በአንድ ወጥ አክስል ጫፎች ላይ የተተከሉ ናቸው። በአራቱም ጎማ የምትነዳው ሃይሉክስ በመጀመሪያ ዘመንዋ ከፊት በኩል እንዲህ ያለ አክስል ከነባሌስትራው ነበራት። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 የወጣችው ላንድ ክሩዘር 79 ፒክአፕም ከፊት ወጥ አክስል ይዛለች፤ እርሱ ግን የተቀመጠው በሞላ ላይ ነው። በእነዚህ መኪናዎች ላይ ከኳስ መገጣጠሚያዎቹ ሌላ፥ አክስሉን ከሻንሲው ጋር የሚያስሩት ዘንጎች፥ ቦኮላዎችና ቡሎኖች በምርመራ ጊዜ መታየት አለባቸው።

አስተዋይ ተማሪ «ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ወጥ ግንድ ላይ ተተክለው እንደ ጋሪ አብረው ቢዞሩ ምን ነበረበት? መገጣጠሚያ ለምን በዛ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። መኪና ስትታጠፍ ውስጠኛው ጎማ በትንሽ ክብ፥ ውጨኛው ጎማ በትልቅ ክብ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለቱ እኩል ቢታጠፉ አንዱ መሬቱን እየፈተገ ይጐተታል፤ ግንዱ በሙሉ ቢዞር ደግሞ ብዙ ስፍራ ይፈልጋል። ይህን ችግር ለማስወገድ ጌዮርግ ላንከንስፐርገር የተባለ ጀርመናዊ ሠረገላ ሠሪ፥ እያንዳንዱ ጎማ በየራሱ መታጠፊያ እንዲዞርና ውስጠኛው ከውጨኛው ይልቅ በዝቶ እንዲታጠፍ የሚያደርግ ዘዴ ፈለሰፈ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1818 ሩዶልፍ አከርማን በእንግሊዝ አገር የባለመብትነት ወረቀት አወጣበት። ዛሬም የመኪና መሪ የሚሠራው ከዚህ ዘዴ በተነሣ መንገድ ነው። እንግዲህ መሪ አንድ ብረት ሳይሆን የብዙ መገጣጠሚያዎች ማኅበር ነው፤ ከማኅበሩ አንዱ ቢላላ የሁሉም ሥራ ይናጋል።

ክፍል 2፤ ድምፁ ከምን ይወለዳል

በጤናማ መገጣጠሚያ ውስጥ ብረትና ብረት በግራሶ ወይም በላስቲክ ተለያይተው ያለ ክፍተት ይኖራሉ። የላስቲኩ ከረጢት የተቀደደ እንደ ሆነ ግን አቧራና ውኃ ይገባል፥ ግራሶውም ይታጠባል፤ ኳሱና ጽዋውም እየተፋጩ ይበላሉ። በመካከላቸው ጥቂት ክፍተት ይሆናል። ነጂው መሪውን ወደ ግራ ሲያዞር ኳሱ ያን ክፍተት አልፎ ከጽዋው ግድግዳ ጋር ይጋጫል፤ ወደ ቀኝ ሲመልሰውም በማዶው በኩል ይጋጫል። «ገጭ» የሚለው ይህ ነው።

ነገር ግን ድምፁ የተሰማበት ቦታ ሁልጊዜ ድምፁ የተወለደበት ቦታ አይደለም። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ሲሄድ፥ በብረት ውስጥ 5000 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ጠጣር ነገርም ድምፅን እንደ አየር ሳይበትን አጥብቆ ያስተላልፋል። ይህን ለመረዳት አንድ ተማሪ በረጅም አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ጆሮውን ያስጠጋ፤ ሁለተኛው በማዶው ጫፍ እንጨቱን በጥፍሩ በቀስታ ይጫረው። በአየር የማይሰማው ጭረት በእንጨቱ ውስጥ ጐልቶ ይሰማል። እንደዚሁም በጎማው አጠገብ የሆነው ግጭት በብረቱ ላይ ወጥቶ በነጂው እጅ ሥር የተደረገ ይመስላል።

በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ እንደሚባለው፥ የተሰማው ድምፅ ሰሙ ነው፤ ወርቁ ግን በውስጥ ያለው የላላው መገጣጠሚያ ነው። በሰሙ ብቻ የሚፈርድ መካኒክ ብዙ ደኅና ዕቃ ያስለውጣል፥ ወርቁንም አያገኝም።

ክፍል 3፤ ድምፁን ስለ መጠየቅ

አዋቂ ሐኪም በሽተኛውን ከመንካቱ በፊት ይጠይቀዋል። የመኪና መርማሪም ክሪክ ከማንሣቱ በፊት ነጂውን እነዚህን አምስት ነገሮች መጠየቅ ይገባዋል።

አንደኛ፤ ድምፁ መኪናዪቱ ቆማ ሳለች መሪው ብቻ ሲዞር ይሰማልን? ቆማ ሳለች የሚሰማ ከሆነ የመሪው ዘንግ፥ ሳጥኑ፥ የዘንጎቹ ጫፎችና የክንዶቹ የኳስ መገጣጠሚያዎች ይጠረጠራሉ። በጉዞ ላይ ብቻ፥ ይልቁንም መታጠፍና ጐድጓዳ ሲገናኙ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ ቦኮላዎቹ፥ የመኪናዪቱን ወደ ጐን መዘንበል የሚያግደው የሚዛን ዘንግና አሞርዛቶሩ ይጨመራሉ።

ሁለተኛ፤ ድምፁ አንድ ጊዜ ነውን ወይስ እየተደጋገመ? መሪው አቅጣጫ በለወጠ ጊዜ አንድ ጊዜ «ገጭ» ብሎ ዝም የሚል የላላ መገጣጠሚያን ያመለክታል። መኪናዪቱ ታጥፋ ስትሄድ «ጠቅ፥ ጠቅ፥ ጠቅ» እያለ ከፍጥነትዋ ጋር የሚፈጥን ግን ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር ነገር ነው። የፊት ጎማዎችዋም የሚነዱ መኪና ከሆነች ወደ ጎማው ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ መገጣጠሚያ ይመርመር፤ የእርሱም ከረጢት ተቀድዶ ግራሶው በዙሪያው ተረጭቶ ይገኛል። የጎማው ዳዶዎች መላላትም ተደጋጋሚ ድምፅ ያወጣል፥ ይህም እጅግ አደገኛ ነው።

ሦስተኛ፤ ድምፁ መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ብቻ ይሰማልን? እንዲህ ከሆነ ከመጠን በላይ ትልቅ የሆነ ጎማ ከጭቃ መከላከያው ጋር እየተፋተገ ይሆናል፤ የተፋተገበትም ቦታ ተልጦ ይታያል። መሪው በዘይት ኃይል የሚታገዝ ከሆነም በመጨረሻው ላይ ያጓራል፤ ይህ የዘይቱ ግፊት ጩኸት ነው እንጂ የግጭት ድምፅ አይደለም። ነጂው ግን መሪውን በዚያ ስፍራ ይዞ አያቆየው፤ ዘይቱ ይግላልና።

አራተኛ፤ ድምፁ የሚበረታው ወደ ግራ ሲታጠፍ ነውን ወይስ ወደ ቀኝ? መኪና ወደ ግራ ስትታጠፍ ሸክምዋ ወደ ቀኙ ጎማ ያዘነብላል፤ ወደ ቀኝ ስትታጠፍም ወደ ግራው። ስለዚህ ወደ ግራ ሲታጠፍ ለሚበረታ ድምፅ አስቀድሞ የቀኙ ጎማ ወገን ይታያል። ይህ ግን ፍንጭ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም።

አምስተኛ፤ በዚያን ጊዜ የአራቱም ጎማ መንጃ ገብቶ ነበርን? በብዙ ፒክአፖች ላይ ይህ መንጃ ለጭቃና ለአሸዋ የተሠራ ነው። በደረቅና በጠጣር መንገድ ላይ ገብቶ ሳለ መኪናዪቱ ስትታጠፍ፥ የፊቱና የኋላው ጎማዎች የሚሄዱት መንገድ ርዝመቱ ስለማይተካከል ዘንጎቹ ተጠማዝዘው ይታገላሉ፥ መኪናዪቱም እየተንተከተከች ትጋጫለች። በዚህ ጊዜ የተበላሸ ዕቃ ላይኖር ይችላል፤ መንጃውን ማውጣት ይበቃል።

ክፍል 4፤ ስለ ምርመራው ሥርዓት

የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር አንዱን ቃል «አንድም እንዲህ ነው፥ አንድም እንዲያ ነው» እያለ እንደሚያትት፥ መካኒክም የድምፁን ምክንያቶች ሁሉ በልቡ ይደረድራል። ልዩነቱ ግን የመካኒኩ «አንድም» እያንዳንዱ በእጅ ተፈትኖ፥ የማይሆነው ሁሉ መውደቅ ያለበት መሆኑ ነው። ምርመራውም ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳል።

ከሁሉ አስቀድሞ መኪናዪቱ በደልዳላ መሬት ላይ ትቁም፤ የእጅ ፍሬንዋ ይያዝ፥ ለኋላ ጎማዎችዋም ድንጋይ ይደረግላቸው። በክሪክ ብቻ ከተነሣች መኪና ሥር ማንም ሰው አይግባ፤ ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ መደገፊያ አይደለምና፥ ከተነሣች በኋላ በሻንሲዋ ሥር ጠንካራ የብረት መደገፊያ ይደረግ። ተማሪዎችም ርቀው ቆመው ይመልከቱ እንጂ ወደ መኪናዪቱ ሥር አይቅረቡ።

መጀመሪያ የጎማዎቹ ዳዶዎች በቁልፍ ይፈተኑ። ይህ ሥራ ገንዘብ አያስወጣም፥ ጊዜውም ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ከተዘነጋ ጎማ ያስወልቃል። ከዚህ ጋር በጭነቱ ሳጥን ውስጥ የሚንከባለል ክሪክ፥ የላላ ትርፍ ጎማና የመሣሪያ ሣጥን ይታይ። ብዙ ጊዜ «የመሪ ሕመም» የተባለው ከመቀመጫው ሥር የተረሳ ብረት ሆኖ ተገኝቷል።

ሁለተኛ ሞተሩ ጠፍቶ፥ የመሪው ቁልፍ ተከፍቶ፥ አንድ ሰው በነጂው ስፍራ ተቀምጦ መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በጥቂቱ ያወዛውዘው፤ ጎማዎቹ መሬት እንደ ነኩ ይቆዩ። ሁለተኛው ሰው ከላይ ጀምሮ ወደ ታች መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በዓይኑ ይከተል፥ መዳፉንም ብረት ከብረት በማይነክስበት በውጭው በኩል ያሳርፍ። በደኅናው መገጣጠሚያ ላይ ሁለቱ ብረቶች አብረው ይሄዳሉ፤ በላላው ላይ ግን አንዱ ቀድሞ ሁለተኛው ዘግይቶ ይከተላል፥ ግጭቱም በመዳፍ ላይ ይሰማል። እጅ ብዙ ጊዜ ከጆሮ ይልቅ የታመነ ምስክር ነው።

ቦታው ለእጅ የማይመች ከሆነ የረጅም ካቻቢቴን ጫፍ በብረቱ ላይ፥ እጀታውን በጆሮ ላይ አድርጎ ማዳመጥ ይቻላል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1816 ላኤኔክ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ወረቀት ጠቅልሎ የበሽተኛን ልብ ያዳመጠው በዚህ ዓይነት ዘዴ ነበር፤ የሐኪሞች ማዳመጫም ከዚያ መጣ። ይህ ግን ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ብቻ ይደረግ፤ የሚዞር ነገር ልብስንና ጸጉርን ይስባልና።

ሦስተኛ የፊቱ ጎማ ከመሬት ጥቂት ይነሣ። ክንድ ባላት መኪና ላይ ክሪኩ ከታችኛው ክንድ ሥር ቢደረግ ይሻላል፤ የኳሱ መገጣጠሚያ ከሞላው ግፊት ዐርፎ ልልነቱን ያሳያልና። ከዚያ በኋላ መርማሪው ጎማውን በግራና በቀኝ ጐኑ ይዞ ያንቀሳቅሰው፤ በዚህ ጊዜ የሚታየው ልልነት ብዙውን ጊዜ የመሪው ዘንጎች ጫፍ ነው። ቀጥሎ ከላይና ከታች ይዞ ያንቀሳቅሰው፤ በዚህ ጊዜ የሚታየው ልልነት አንድም የጎማው ኩሽኔታ ነው፥ አንድም የክንዶቹ የኳስ መገጣጠሚያ ነው።

ሁለቱን ለመለየት ቀላል ፈተና አለ። ረዳቱ የእግር ፍሬን ይርገጥና መርማሪው እንደገና ያንቀሳቅሰው። ፍሬኑ ጎማውን ከተሸካሚው ብረት ጋር አንድ አድርጎ ያስረዋል፤ ስለዚህ ልልነቱ የጠፋ እንደ ሆነ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው፥ ያልጠፋ እንደ ሆነ ግን የኳሱ መገጣጠሚያ ነው። በመጨረሻም ከጎማው ሥር ፓሎ አግብቶ ወደ ላይ በቀስታ ማንሣት ነው፤ የተበላው መገጣጠሚያ ሲከፈትና ሲዘጋ በዓይን ይታያል።

ክፍል 5፤ ምሳሌ

አንድ ወጣት ነጂ በሃይሉክስ እህልና ሰው ያመላልስ ነበር። መሪዋ በዞረ ቁጥር «ገጭ» ማለት በጀመረች ጊዜ፥ ሰዎች እንደ ነገሩት ሁለቱን የፊት አሞርዛቶሮች ለወጠ፤ ድምፁ አልጠፋም። ሁለተኛም የመሪውን ዘንጎች ጫፎች ለወጠ፤ ድምፁ አሁንም አልጠፋም። የብዙ ወር ትርፉ በዚህ አለቀ። በመጨረሻም በገበያ ቀን ጧት እህል ጭኖ፥ ስድስት ሰዎችም ከላይ አሳፍሮ ሲሄድ፥ በመንገድ ዳር ወደሚሠራ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጐራ አለ።

ሽማግሌው መሣሪያ ሳያነሡ ጠየቁት። ድምፁ መኪናዪቱ ቆማም እንደሚሰማ፥ አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚል፥ ወደ ግራ ሲታጠፍ እንደሚበረታ፥ የአራቱም ጎማ መንጃ እንዳልገባ ነገራቸው። «በየቀኑ ወንዝ ትሻገራለህን?» አሉት። «አዎን ጋሼ፥ ሄጄም ስመለስም» አላቸው።

ከዚህ በኋላ ሰዎቹን አስወረዱ፥ እህሉንም አስወረዱና በሥርዓቱ መረመሩ። ዳዶዎቹ ጠብቀዋል፤ የመሪው ዘንግ ደኅና ነው፤ የዘንጎቹም ጫፎች ደኅና ናቸው፥ አዲስ ናቸውና። የቀኙን ጎማ አንሥተው በግራና በቀኝ ጐኑ ቢይዙት አልተንቀሳቀሰም፤ ከላይና ከታች ቢይዙት ግን ጥቂት ተነቃነቀ። ፍሬን አስረግጠው ቢሞክሩትም ልልነቱ አልጠፋም። በፓሎ ከፍ ቢያደርጉት የታችኛው የኳስ መገጣጠሚያ አፉን ከፈተ። ከረጢቱ ከሥሩ ተቀድዷል፤ በውስጡም በግራሶ ፈንታ ዝገት የቀላቀለ ጭቃ ተገኘ።

ነጂውም «ጋሼ፥ ገበያው ዛሬ ነው፤ እህሉን አድርሼ ስመለስ ይሠራልኝ» አለ። ሽማግሌው ግን «ልጄ፥ ገበያው በሳምንቱ ይመለሳል፤ ይህ ኳስ ከጽዋው የወጣ እንደ ሆነ ግን ጎማው ከሥርህ ይተኛል፥ ከዚያ ወዲያ መሪውን ብታዞረው የሚሰማህ የለም። የጫንኻቸው ስድስት ነፍሳት ናቸው» አሉት። ነጂው ወደ ገደሉ መንገድ ተመለከተና ዝም አለ። ሰዎቹ በእግራቸውና በሌላ መኪና ሄዱ፤ እህሉም በመንገድ ዳር አደረ።

በማግስቱ አዲሱ መገጣጠሚያ ተገጠመ፤ ዳዶውን የሚቆልፈው ኮፒሊያ የተባለው ሽቦም አዲስ ተደረገ። የግራውም ወገን ተፈተሸ፥ በአንድ መንገድ ላይ የኖሩ ሁለት ወንድማማች ዕቃዎች ብዙ ጊዜ በአንድነት ያረጃሉና። ከዚያም ነጂው የጎማዎቹን አቅጣጫ በከተማ በመሣሪያ አስለካ። ድምፁም ጠፋ።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ የሚያሳዝነው የመገጣጠሚያው መበላት አይደለም፤ ብረት ያልቃል። የሚያሳዝነው ጥፋቱ ሳይታወቅ በግምት የወጣው ገንዘብና ከአደጋ ጋር የተሄደው መንገድ ነው። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ክፍል 6፤ ስለማይገባ ጥገና

ድምፁን የሚያጠፉ ነገር ግን ሕመሙን የማያድኑ ሥራዎች አሉ፤ እነርሱም ከድምፁ ይልቅ አደገኞች ናቸው፥ ምስክሩን አፉን ይዘው ዝም ያሰኛሉና።

የመጀመሪያው የመሪውን ሳጥን ማስተካከያ ብሎን ከልክ በላይ ማጥበቅ ነው። መሪው የጠበቀ ይመስላል፤ ነገር ግን ጥርሶቹ ይበላሉ፥ ከመታጠፍም በኋላ መሪው በራሱ መመለስን እንቢ ይላል።

ሁለተኛው የተበላውን የኳስ መገጣጠሚያ በብየዳ ማያያዝ ነው። የብየዳው እሳት የብረቱን ጥንካሬ ይለውጠዋል፥ መዞር ያለበትም ነገር መዞር ያቅተዋል፤ ድንገትም ይሰበራል።

ሦስተኛው በተቀደደው ከረጢት ውስጥ ግራሶ ማጨቅ ወይም ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቀደደ ላስቲክ መጠቅለል ነው። ግራሶው ድምፁን ለጥቂት ቀን ያለዝበዋል፤ የተበላውን ብረት ግን አይመልሰውም። ከረጢቱ ብቻ ተቀድዶ ብረቱ ገና ያልተበላ እንደ ሆነ፥ ያን ጊዜ ከረጢቱን በወቅቱ መለወጥ ይጠቅማል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት ይህ ነው።

ማጠቃለያ

ወንዝ የምትሻገርና በጭቃ የምትሄድ መኪና ነጂዋ በየሳምንቱ ጐንበስ ብሎ የላስቲክ ከረጢቶችዋን ቢመለከት፥ የዳዶዎችዋንም መጥበቅ ቢፈትን፥ የግራሶ መጠጫ ያላቸውንም መገጣጠሚያዎች በጊዜያቸው ቢያጠጣ፥ አብዛኛው ሕመም ከመወለዱ በፊት ይታወቃል። ድምፅ ከተሰማ ግን ነጂው ጭነቱንና ሰዎቹን አውርዶ ያስመርምር፤ በተለይም ድምፁ ከመሪ ከሆነ እስኪታወቅ ድረስ ቁልቁለት አይውረድ።

የመንደር ልጆችም በዚህ ረገድ ድርሻ አላቸው። ነጂው ድምፁን ቀስ በቀስ ስለሚለምደው አይሰማውም፤ ከውጭ ሆኖ መኪናዪቱ ስትታጠፍ የሚያዳምጥ ልጅ ግን ይሰማዋል። እንዲህ ያለ ልጅ ነጂውን በአክብሮት ጠርቶ «ጋሼ፥ ከቀኙ ጎማ በኩል ሲታጠፍ ገጭ ይላል» ብሎ ቢነግረው፥ ያ ነገር ትንሽ ነገር አይደለም። ነጂውም የልጅ ቃል ነው ብሎ አይናቀው።

ጥያቄዎች

1. የመሪ መበላሸት ከሞተር መበላሸት ይልቅ የሚያስፈራው ስለምንድር ነው?
2. የኳስ መገጣጠሚያ ከምን ከምን የተሠራ ነው? የላስቲኩ ከረጢት ቢቀደድ በተራ በተራ ምን ይሆናል?
3. ድምፁ የተሰማበት ቦታ ድምፁ የተወለደበት ቦታ ላይሆን የሚችለው ስለምንድር ነው? በአግዳሚ ወንበር ፈትናችሁ አስረዱ።
4. ነጂው የሚጠየቃቸው አምስት ጥያቄዎች ምንና ምን ናቸው?
5. የጎማውን ኩሽኔታ ልልነት ከኳሱ መገጣጠሚያ ልልነት ለመለየት የእግር ፍሬን እንዴት ይረዳል?
6. በምሳሌው ያለው ነጂ አስቀድሞ ሁለት ጊዜ የተሳሳተው በምን ነበር? ሽማግሌው መካኒክ ስለ ወንዝ የጠየቁትስ ለምን ይመስላችኋል?
7. በአገራችሁ ካሉት መሣሪያዎች ጥፋቱ በድምፁ የሚታወቅ አንድ መሣሪያ መርጣችሁ፥ ድምፁንና ምክንያቱን ጻፉ።